መድፉን አወቅነው፤ እቶኑስ የት አለ?

ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የማያውቅ ተማሪ በአገራችን አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በገደልና በወንዝ ያስጎተቱት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ ነሐስ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ስለ እርሱ ተዘፍኗል፤ ቴአትር ተሠርቷል፤ በየትምህርት ቤቱም የክርክር ርእስ ሆኗል። ይሁን እንጂ መድፉ የፈሰሰበት እቶን ከምን እንደ ተሠራ፣ ወናፉን ማን እንደ ነፋ፣ ከሰሉ ከየትኛው ጫካ እንደ ወረደ የጠየቀ ሰው ብናፈላልግ የምናገኘው ጥቂት ነው። እኛም በዛሬው እሑድ ጽሑፋችን የመድፉን ዝና ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን ስለ እቶኑ ጥቂት ለማለት አስበናል።

ጋፋት የደብረ ታቦር ጎረቤት ናት። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ኮረብታማ መንደር ስትሆን፣ አገሩ ደጋ፣ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። የአካባቢው ራስ የሆነው ጉና በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ከእርሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በጉማራ ዳር ያለው የወንዛዬ ፍል ውሃም በምድሩ ሆድ ውስጥ ሙቀት ገና እንዳለ ይመሰክራል። ይህን ያነሣነው ለአገር ማሳያ ብቻ አይደለም። የድንጋዩ ዓይነትና የአየሩ ቅጥነት ለእቶን ሥራ ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከስዊስ አገር፣ ከባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የሚያውቁ ወጣቶች ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አገር መጡ። ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ኪንስለን ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር፤ ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። በጋፋት ሰፈሩ፤ ቤት ሠሩ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ፤ ቀስ በቀስም ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ሠረገላ ሠሪ፣ በመጨረሻም መድፍ አፍሳሽ ሆኑ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች አግብተው ነበርና ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት እንደ ተራ እንግዳ አልነበረም። ከሚሲዮኑ ውጭም ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪና በትውልዱ የፖላንድ ይሁዲ የሆነው ሞሪስ ሆል ነበሩ። የሆል ባለቤት የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ ነበረች። በመቅደላ ጦርነት ወራት ማግዳሌና የምትባል ልጅ ወለደች፤ ይህችም ልጅ አድጋ የዝነኛው የእንግሊዝ ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ሆነች። የሲኒማ ወዳጆች የሆናችሁ አንባቢያን ይህን ስታነቡ ሳትገረሙ አትቀሩም።

ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የተነሣው ጠብ የታወቀ ነው። በ1858 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን እንዲያመጣ ሚሲዮናዊው ፍላድ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ከደረሱ በኋላ፣ እስረኞቹ አልተፈቱም ተብሎ ወደ ደጋው ሳይወጡ ቀሩ። ስለዚህ ንጉሡ ያላቸው በጋፋት ያሉት ሰዎች ብቻ ሆኑ። በ1859 ዓ.ም. እነዚህም ከጋፋት ተነሥተው ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱና ሥራው በዚያ ቀጠለ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ ንጉሡ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው፣ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ፤ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግረው የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምናውቀው ከማን ነው? የበዛው ክፍል ከአውሮፓውያኑ መጽሐፍ ነው። ዋልድማየር ትዝታውን እ.ኤ.አ. በ1869 በባዝል አሳትሟል፤ ታስረው የነበሩት ራሳምና ዶክተር ብላንክም የየራሳቸውን ጽፈዋል። የአለቃ ዘነብና የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕሎች ደግሞ በንጉሡና በዘመቻው ላይ የሚያተኩሩ እንጂ የእቶንን ጡብ የሚቆጥሩ አይደሉም። ወናፍ የነፋው፣ ጭቃ የረገጠው፣ ከሰል ያከሰለው፣ ነሐሱ ሲፈስ ፊቱ የተለበለበው ኢትዮጵያዊ ግን ብዕር አልነበረውምና አንድም ገጽ አልተወልንም። ስሙ አልተጻፈም። የተወልን ነገር ቢኖር ቆሻሻው ነው፤ አርኬዎሎጂ የተባለው ትምህርትም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያከብረው ቆሻሻን ነው።

ይህ አነጋገር ቀልድ አይደለም። ጌጥና ሰይፍ ይወረሳል፣ ይዘረፋል፣ ቀልጦም ሌላ ዕቃ ይሆናል። ከማዕድን ብረት ሲነጠር እንደ ቀለጠ ድንጋይ ሆኖ የሚተርፈውን ጥቁር ዝቃጭ ግን የሚሰርቀው የለም። ሺህ ዓመት በዝናብ ቢታጠብ አይበሰብስም፤ ቦታውንም አይለቅም። በውስጡ የእቶኑ ሙቀት ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ማዕድኑ ከምን ዓይነት አፈር እንደ መጣ፣ ባለሙያው ብልህ ይሁን ጀማሪ ተጽፎ ይገኛል። ዝቃጩ ውስጥ የቀረ ብረት ብዙ ከሆነ ብዙ ሀብት ባክኗል ማለት ነው፤ ጥቂት ከሆነ ግን ባለሙያው እሳቱን የሚያውቅ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ሙያዎችን መለየት ያስፈልጋል፤ በተለምዶ ሁሉንም ቀጥቃጭ ብለን እናልፋለንና። አንደኛው ማንጠር ነው። ብረት ራሱ የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለ ሆነ የጥንት እቶን አያቀልጠውም። በ1,200 ዲግሪ ገደማ ድንጋዩና አፈሩ ቀልጦ ሲወርድ ብረቱ እንደ ሰፍነግ ተያይዞ ይቀራል፤ ከዚያም በመዶሻ እየተመታ ይጠራል። ሁለተኛው መቀጥቀጥ ነው፤ ማረሻውና ማጭዱ የሚወጣበት። ሦስተኛው ማፍሰስ ነው፤ መዳብና ቆርቆሮ ቀልጠው ነሐስ ሆነው በቅርጽ ውስጥ የሚገቡበት። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቆሻሻ አለው። ቀጥቃጩ የጋለውን ብረት በመስፉ ላይ ሲመታ ከዓሣ ቅርፊት የሳሳ ጥቁር ስብርባሪ ይረግፋል። ዐይን አያየውም፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ተራ ማግኔት በአፈሩ ላይ ቢያሳልፉበት ይለጠፋል። ተመራማሪዎች የወለሉን አፈር በየካሬው እየለዩ ይህን ቅርፊት ሲመዝኑ መስፉ የት እንደ ቆመ፣ ሠራተኛውም በየት በኩል ዞሮ ይመታ እንደ ነበር ለማወቅ ይችላሉ። መስፉ ከተነሣ ቢቆይም ጥላው በመሬቱ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋፋት እንመለስ። ዋልድማየርና ባልደረቦቹ ትልቅ መድፍ እንዲያፈስሱ ሲታዘዙ የመጀመሪያው ሙከራ እንዳልተሳካ ተጽፏል። ብዙዎች ይህን የሚያወሩት እንደ ተረት ነው፤ በምክንያቱ ላይ ግን ብናስብበት ይጠቅማል። ነሐስ እንደ ቆርቆሮው መጠን ወደ 1,000 ዲግሪ ሲጠጋ ፈሳሽ ይሆናል፤ በቅርጽ ውስጥ ሳይረጋ እስከ ጥግ እንዲደርስ ግን ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። የጉና አገር ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እርሱም ራሱ 1,200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። በዚህ ድንጋይ የተሠራ እቶን ነሐሱን አቀልጣለሁ ሲል ራሱ ሊፈስ ይችላል ማለት ነው። ሙቀት የሚችል ጭቃ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛው ፈተና አየሩ ነው። በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አራተኛ በላይ የሳሳ ስለ ሆነ፣ በአውሮፓ ቆላ የሚበቃው የወናፍ ትንፋሽ በደብረ ታቦር አይበቃም። የአገሩ ቀጥቃጭ ይህን ቁጥር ባያውቀውም ወናፉን ስንት ጊዜ መንፋት እንዳለበት ግን ከአባቱ ተምሮታል። ስለዚህ በጋፋት ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደ ነበረ በእርግጥ ለመናገር መጽሐፉ ብቻ አይበቃንም እንላለን።

ሰባት ቶን ነሐስ ደግሞ በአንድ ማንኪያ አይፈስም። በመካከል ካቆመ፣ አስቀድሞ የገባው ረግቶ ከኋላው ጋር ሳይዋሐድ ይቀራልና በአንድ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። በዚያ ዘመን የመድፍ አፍሳሾች ልማድ የመድፉን ቅርጽ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ማቆም፣ ዙሪያውን አፈር መጠቅጠቅ፣ ከዚያም ነሐሱን ከእቶን በቦይ ማውረድ ነበር። ይህ ሁሉ መሬት ላይ ምልክት ይተዋል። አንድ ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ ተሞልቶ ሣር ቢበቅልበትም አፈሩ ከዙሪያው በቀለምና በጥብቀት ይለያል፤ በእሳት የተጠበሰ ጭቃም የማግኔት ኃይል ይዞ ይቀራል። ማግኔቶሜትር የተባለውን መሣሪያ ይዞ በሜዳው ላይ በቀጭን መስመር እየተመላለሱ መለካት የተቀበረውን እቶን አንድ አካፋ አፈር ሳይነሣ ሊያሳይ ይችላል።

ከቅርጹም ስባሪ ብዙ ይገኛል። በአውሮፓ የመድፍ ቅርጽ የሚሠራው ከጭቃ፣ ከፈረስ ፋንድያና ከፀጉር ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ ጭቃ ሲያቦካ የጤፍ ጭድ ይጨምራል። ጭቃ ሲጠበስ ጭዱ ቢቃጠልም ዐሻራው ይቀራል። እንግዲህ ከጋፋት አፈር አንድ የቅርጽ ስባሪ ቢወጣና በውስጡ የጤፍ ጭድ ዐሻራ ቢታይ፣ በዋልድማየር መጽሐፍ ያልተጠቀሰው ሠራተኛ እጁን አንሥቶ እኔም ነበርሁ አለ ማለት ነው። የከሰሉም ነገር እንዲሁ ነው። የከሰል ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወይራ ይሁን ጽድ፣ ግራር ይሁን ዋንዛ ይለያል። በሱዳን በሜሮዌ የጥንቱን የብረት ሥራ የመረመሩ ሊቃውንት በዚያ ያሉ አንጣሪዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ይመርጡ የነበሩት አንድ ዓይነት የግራር ከሰል መሆኑን የደረሱበት በዚህ መንገድ ነው። የሜሮዌ የዝቃጭ ክምር ትልቅነት፣ እ.ኤ.አ. በ1911 አንድ እንግሊዛዊ ሊቅ ከተማዋን የአፍሪካ በርሚንግሃም ብሎ እንዲጠራት አድርጎት ነበር።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ግን ተማሪዎቻችንን ማስጠንቀቅ ይገባናል። አሜሪካዊው ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ይፋ ያደረገውና በ1960 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት የካርቦን 14 ዘዴ ለአክሱምና ለየሓ ዘመን ብርቱ መሣሪያ ነው። ከሰሉ ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት በግማሽ ስለሚቀንስ የቀረውን ለክቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ግን ልኬቱ ይደናገራል፤ የፋሲል ዘመን ከሰልና የቴዎድሮስ ዘመን ከሰል ሊቀራረቡ ይችላሉ። በላዩም የመቶ ዓመት ዛፍ የተቆረጠ እንደ ሆነ የመካከለኛው እንጨት ከእሳቱ ይልቅ መቶ ዓመት ያረጀ ነው። አፈር ውስጥ የማርያ ቴሬዛ ብር አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ሰውም ይጠንቀቅ፤ ያ ብር መቼም ይመታ መች፣ በላዩ የተጻፈው ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የጠርሙስ ስባሪ፣ የምስማር ዓይነትና የተጻፈው ታሪክ ተያይተው ካልሆነ በቀር ዘመን አይቆረጥም።

አገራችን በዚህ ጥበብ ልጅ አይደለችም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ምእተ ዓመት የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ መትተዋል። በአንዳንዱ የብርና የነሐስ ገንዘባቸው ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ብቻ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ይህም በዓለም ላይ ሌላ እምብዛም ያልታየ ሙያ ነው። የገንዘቡን ወርቅ የመረመሩ ሊቃውንት ዘመኑ እየቆየ ሲሄድ የወርቁ ንጽሕና እየቀነሰ እንደ ሄደ አሳይተዋል፤ መጽሐፍ ያልነገረንን የመንግሥት ችግር ሚዛን ነገረን። ከእኛ ሰፈር ቅርብ የሆነ ምሳሌ ብንፈልግም፣ የስፔን ተመራማሪዎች በጣና ዙሪያ የአሥራ ሰባተኛውን ምእተ ዓመት የደንቀዝን፣ የጎርጎራንና የአዘዞን ፍርስራሽ ቆፍረው በ2009 ዓ.ም. ገደማ ትልቅ መጽሐፍ አውጥተዋል። ስለዚህ አርኬዎሎጂ የሐውልትና የመቃብር ብቻ ነው፣ የቅርቡ ዘመን አይነካም የሚለው ሐሳብ በአገራችንም ቀርቷል።

ሆኖም አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። መድፉን አመሰገንን፤ ቀጥቃጩን ግን ሰደብን። የማረሻውን ብረት ያወጣልንን ሰው ቡዳ ብለን ከማኅበራችን አራቅነው፤ ርስት ነሣነው፤ ልጃችንንም አልሰጠነውም። በጎንደር አገር የብረቱንና የሸክላውን ሥራ ከያዙት ውስጥ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ስላዩ ነው። ዐዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አልወጣም። በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያኑ በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ እጃቸውም አብሯቸው ሄደ። አባቱ ወናፍ ሲነፋ ያየ፣ የጭቃውን ልክ የሚያውቅ ሽማግሌ ዛሬ የሚገኘው ምናልባት በጎንደር ገጠር ሳይሆን በእስራኤል ከተሞች ነው። አፈሩ ይጠብቀን ይሆናል፤ ሽማግሌው ግን አይጠብቀንም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቁፋሮውን ከመጀመራቸው በፊት እንኳ የቴፕ መቅረጫ ይዞ የሚጠይቅ አንድ ተማሪ ቢልኩ ብዙ ይገኝ ነበር። በደቡብ ኦሞ የዲሜ ሰዎች ከማዕድን ብረት የሚያነጥሩበት ሙያ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ተጽፎ ተርፏል፤ የበጌምድሩስ ለምን ይቅር?

አፈሩ ይጠብቀናል ያልነውም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ማረሻ በያመቱ አንድ ስንዝር ያህል ይገለብጣል። የዝቃጭ ድንጋይ ለቤት መሠረትና ለመንገድ ጠጠር ይመቻል። የመንገድ ዶዘር በአንድ ቀን የሚያነሣውን ቅሪት አርኬዎሎግ በአሥር ዓመት አይመልሰውም። በየወረዳው የምትሠሩ ወጣት ሹማምንት ይህን ልታስቡበት ይገባል፤ የመሬት መምሪያ ፕላን ሲነደፍ ከጠረጴዛው ዙሪያ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ይከለክላል። ገበሬው ግን ዝቃጭ ቅርስ መሆኑን ማን ነገረው? በእርሻው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ከባድ ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ወገኑ የተጠበሰ የሸክላ ቱቦ፣ ወይም በእሳት የቀላ አፈር ያየ ሰው አንሥቶ ወደ ከተማ ባያመጣው ይሻላል። ከቦታው የተነሣ ዝቃጭ ተራ ድንጋይ ነው፤ በቦታው ያለ ግን መዝገብ ነው። የማሳውን ስም፣ የወንዙን ስም ጽፎ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስታወቅ ይበቃል።

ስለ መድፎቹ ራሳቸው አንድ ነገር ጨምረን እናበቃለን። በእሮጌ ጦርነት ቀን ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ባሩድ በዝቶበት ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ነገር ግን ነሐሱ ሲፈስ አየር ገብቶበት ውስጡ አረፋ ይዞ ከነበረ ልክ የሆነ ባሩድም ቢሆን ይሰነጥቀዋል። ይህን የሚፈርደው የስባሪው ውስጠኛ ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ሴባስቶፖልም እንዲሁ ሊጠየቅ ይችላል። ዛሬ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ነሐሱን ሳይጭር፣ ሳይፍቅ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል መዳብ፣ ምን ያህል ቆርቆሮ፣ ምን ያህል እርሳስና ዚንክ እንዳለበት ይናገራል። ነሐስ ሲፈስ ጠብታ መሬት ላይ መንጠባጠቡ አይቀርም። መሣሪያው አንድ ቀን በመቅደላ አምባ፣ በማግስቱ ደግሞ ከጋፋትና ከደብረ ታቦር አፈር በወጡ ጠብታዎች ላይ ቢያርፍ፣ ያ ሰባት ቶን ከየትኛው እቶን እንደ ወረደ ለማወቅ መንገዱ ይከፈታል።